ደምበጓና ላይ ባዙቃ ቢኖር ኖሮ

ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. ሽሬ ውስጥ ደምበጓና በተባለው ጠባብ የተራራ በር የሆነውን ነገር የታሪክ መጻሕፍቶቻችን ያነሡታል፤ ነገር ግን ቸኩለው ያልፉታል። የራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ጦር በማለዳ ተከዜን ተሻገረ። በመልካው ይጠብቅ የነበረው በሻለቃ ክሪኒቲ የሚመራው የጣሊያን ቅኝ ጦር ወደ ደምበጓና አፈገፈገ፤ በሩ ላይ ሲደርስ ግን የፊታውራሪ ሺፈራው ሰዎች ቀድመውት፣ ተራራውን ይዘው፣ ከኋላው ቆመው አገኛቸው። ክሪኒቲ በሩን እንዲያስከፍቱለት ትንንሾቹን ታንኮቹን ላከ። በዚያች ጠባብ መንገድ ላይ ታንኮቹ ፊታቸው በቋጥኝ ተዘጋ፤ ዙረው እንዳይመለሱ ደግሞ ቦታው አይበቃም። የእኛ ሰዎች መትረየሱ ወደማያየው ወደ ጎንና ወደ ኋላ ዞሩ፤ ላያቸው ላይ ወጡ፣ ገለበጧቸው፣ ሰንሰለታቸውን ሰበሩ፣ እሳት ለቀቁባቸው። ውስጥ የነበሩትም ወጥተው በጎራዴ አለቁ።

ውድ አንባብያን፣ ስለ ማይጨው ጦርነት በተነጋገርን ቁጥር አንድ ዓረፍተ ነገር ይመላለሳል፦ «ዘመናዊ መሣሪያ ቢኖረን ኖሮ»። ተማሪዎቼ ይሉታል፣ ሽማግሌዎች ይሉታል፣ ጋዜጦች በየካቲትና በሚያዝያ ይጽፉታል። ሐሳቡ ስሕተት ነው አልልም። ችግሩ እንደ እግዚኦታ መደጋገሙና ማንም ሰው ተቀምጦ «የትኛው መሣሪያ? ከየት መጥቶ? በማን እጅ? የት ቦታ?» ብሎ አለመጠየቁ ነው። የታሪክ ባለሙያዎች «ቢሆን ኖሮ» የሚባለውን ጥያቄ ይጸየፉታል፤ እኔ ግን በአግባቡ ከተያዘ ጠቃሚ ነው ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም የሆነው ነገር ለምን እንደሆነ የምናውቀው ያልሆነው ነገር ምን ያህል ሩቅ እንደነበረ ስንለካ ነው። ስለዚህ ዛሬ አንድ መሣሪያ ብቻ መርጬ ልመርምር፤ አንድ ሰው ተሸክሞ ታንክ የሚመታበትን። (የአገራችንን ዘመን በራሳችን፣ የውጭውን በእነርሱ አቆጣጠር፣ እ.ኤ.አ.፣ እጠራለሁ።)

በመጀመሪያ ያ ታንክ ምን እንደነበረ ማወቅ ይገባል። ዛሬ «ታንክ» ስንል በዓይነ ኅሊናችን የሚመጣው ቲ 55 ነው። የጣሊያኑ ሲቪ 33 እና ታናሽ ወንድሙ ሲቪ 35 ከዚያ ጋር ስም እንጂ ሌላ ዝምድና የላቸውም። ክብደቱ ከ3 ቶን ብዙም አይበልጥም፤ ሁለት ሰዎች ተጠባብቀው ይቀመጡበታል፤ ከፍታው 1 ሜትር ከ30 አይሞላም፤ ማለትም መካከለኛ ቁመት ያለው ሰው አጠገቡ ቢቆም ጣራውን ከደረቱ በታች ያገኘዋል። የሚዞር ማማ የለውም። መትረየሱ ወደ ፊት የሚያይ ሲሆን ወደ ቀኝና ወደ ግራ የሚዞረው በጥቂቱ ብቻ ነው። የብረቱ ውፍረት ከ6 እስከ 14 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ጣሊያኖች ሐሳቡን የወሰዱት ካርደን ሎይድ ከሚባለው የእንግሊዝ ተሽከርካሪ ነው። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ መድፍ የሌለውን እግረኛ ለማባረር የተሠራ ነው። ነገር ግን ያ ስስ ብረት ለተራ የጠመንጃ ጥይት አልበገር ይላል። የጦርነቱም ምሥጢር በዚህ በጠመንጃ ጥይትና በ14 ሚሊ ሜትር ብረት መካከል ባለው ጥቂት ልዩነት ውስጥ ነው።

ይህን ልዩነት የሚያጠፋ፣ በሰው ጫንቃ የሚጓዝ መሣሪያ በ1928 ዓ.ም. በዓለም ላይ ሊኖር ይችል ነበርን? እዚህ ላይ ነገሩ በጣም ያስገርማል።

እ.ኤ.አ. በ1888 ቻርልስ ሙንሮ የተባለ አሜሪካዊ የኬሚስትሪ ሊቅ በኒውፖርት የባሕር ኃይል የቶርፔዶ ጣቢያ ፈንጂ ሲሞክር አንድ ነገር አስተዋለ። በፈንጂው ጡብ ላይ የተቦረቦሩት የባሕር ኃይሉ ስም ምሕጻረ ፊደላት ፈንጂው በብረት ሰሌዳ ላይ ሲፈነዳ ቁልጭ ብለው ብረቱ ላይ ታተሙ። ፊቱ የተቦረቦረ ፈንጂ ኃይሉን በአንድ አቅጣጫ አጠራቅሞ እንደሚተፋ ያን ጊዜ ተገነዘበ። (የቁጥር ግጥጥሞሽ ነው እንጂ ሌላ ፍች የለውም፤ 1888 በእነርሱ አቆጣጠር የሙንሮ ዓመት ነው፣ በእኛ ደግሞ የዐድዋ።) ከእርሱ በፊት ጀርመናዊው ማክስ ፎን ፎርስተር እ.ኤ.አ. በ1883 ተመሳሳይ ነገር አስተውሎ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1910 እስከ 1911 ባለው ጊዜም አንድ የጀርመን የፈንጂ ኩባንያ በዚሁ ጠባይ ላይ የፈጠራ መብት አስመዝግቧል። ስለዚህ ባዙቃ ብረት የሚበሳበት ዋነኛው ምሥጢር ከማይጨው ግማሽ ምእተ ዓመት አስቀድሞ በመጽሔት ታትሞ፣ ማንም ሊያነበው በሚችልበት ቦታ ተቀምጦ ነበር።

ሁለተኛው ክፍል ማስወንጨፊያው ነው። ሮበርት ጎዳርድ፣ በኋላ የሮኬት አባት የተባለው ፊዚሲስት፣ ረዳቱን ክላረንስ ሂክማንን ይዞ እ.ኤ.አ. ኅዳር 6 ቀን 1918 በአበርዲን የጦር መሣሪያ መሞከሪያ ሜዳ ከቱቦ የሚተኮስ ትንሽ ሮኬት ለአሜሪካ ጦር ሹማምንት አሳየ። ቱቦውን ያስደገፈው የሙዚቃ ኖታ በሚቀመጥበት መደገፊያ ላይ ነበር። ሰዎቹ ወደዱት። ከአምስት ቀን በኋላ ግን የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት አበቃና ቱቦው ተረሳ። ያው ሂክማን ሐሳቡን እንደገና ያነሣው እ.ኤ.አ. በ1940 ነው፤ ባዙቃ የተባለውም መሣሪያ ለጦር የበቃው በ1942 ነው። በቱቦውና በባዙቃው መካከል ሃያ አራት ዓመት አለ። ከእነዚያ ዓመታት ውስጥ ቴክኒክ የጠየቀው ጥቂቱ ብቻ ነው፤ የቀረውን የበላው የፈላጊ መጥፋት ነው። በእርግጥ አንድ እውነተኛ ጉድለት ነበረ፤ የተቦረቦረውን የፈንጂ ፊት በስስ ብረት ሲያለብሱት የመብሳት ኃይሉ እጅግ እንደሚያድግ በሚገባ የታወቀው በ1930ዎቹ መጨረሻ ሲሆን፣ እርሱም የኦስትሪያዊው ቶማኔክና የስዊሱ ሞሃውፕት ሥራ ነው። ነገር ግን ለ14 ሚሊ ሜትር ብረት ያን ያህል ምጥቀት አያስፈልግም ነበር።

እንዲያውም ባዙቃውን ሙሉ በሙሉ ብንተወውስ? ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1918 የእንግሊዝን ታንክ ለመመከት ከማውዘር ፋብሪካ 13.2 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚተኩስ ታላቅ ጠመንጃ አወጡ። ርዝመቱ 1 ሜትር ከ70 ያህል፣ ክብደቱ ከእነ እግሩ ወደ 18 ኪሎ ግራም የሚጠጋ፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ፣ የተኳሹን ትከሻ የሚያደቅ ነገር ነው። ከ15 ሺሕ በላይ ተሠርቷል። ያ ጠመንጃ በቅርብ ርቀት የሲቪ 33ን ጎን እንደ ቆርቆሮ ይበሳዋል። ስለዚህ ደምበጓና ላይ የጎደለው መሣሪያ ገና ያልተፈለሰፈ አልነበረም፤ ከ17 ዓመት በፊት ተሠርቶ፣ ተዋግቶ፣ ጡረታ ወጥቶ ነበር።

ሌላም አለ። ራስ እምሩ ተከዜን በተሻገሩበት በዚያው እ.ኤ.አ. 1935 ዓመት ፖላንድ ከ10 ኪሎ የማይበልጥ ፀረ ታንክ ጠመንጃ ለጦሯ ተቀበለች። ምሥጢሩን ለመጠበቅ ስትል ጠመንጃው ለኡሩጓይ የሚሸጥ ነው የሚል ወሬ አስወራች፤ ስሙም «ኡሩጓይ» ሆኖ ቀረ። ምሥጢሩ እጅግ ስለተጠበቀ ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1939 ስትወርር ብዙዎቹ የፖላንድ ወታደሮች መሣሪያቸውን በቅጡ አይተውት አያውቁም ነበር። ከአንድ መሣሪያ መኖር እስከ ወታደሩ እጅ ያለው መንገድ ምን ያህል ረጅም እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላገኘሁም።

ለእኛ ደግሞ ያ መንገድ በሦስት መንግሥታት በር በኩል ያልፍ ነበር። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ካርታውን መመልከት ይበቃል። ምጽዋ፣ አሰብና ሞቃዲሾ በጣሊያን እጅ፤ ጅቡቲ በፈረንሳይ እጅ፤ ዘይላና በርበራ በእንግሊዝ እጅ። በነሐሴ 1922 ዓ.ም. ከሦስቱ ጋር የተፈረመው የጦር መሣሪያ ውል ለኢትዮጵያ መንግሥት መሣሪያ የማስገባት መብቱን አረጋገጠለት፤ በወረቀት ላይ ትልቅ ድል ነበር። ነገር ግን ወደብ የሌለው ሰው የመብቱን ፍሬ የሚያየው የወደቡ ባለቤት እስከፈቀደ ድረስ ነው። ጣሊያን በኤርትራና በሶማሊያ ጦሯን በይፋ ስታከማች፣ እንግሊዝ በሐምሌ 1927 ዓ.ም. ለሁለቱም ወገኖች የመሣሪያ ሽያጭ ፈቃድ እንደማትሰጥ አስታወቀች፤ ፈረንሳይም በተመሳሳይ መንገድ ሄደች። ይህ «ገለልተኛነት» ፋብሪካ ላለውና ለሌለው እኩል የተዘጋ በር ነው። የመንግሥታቱ ማኅበር ለኢትዮጵያ ዕገዳው ይነሣ ያለው በመስከረም 1928 ዓ.ም. መጨረሻ ጦሩ መረብን ከተሻገረ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! በዚያ የጭንቅ ወራት ሳይታሰብ መሣሪያ በድብቅ የሰጠው መንግሥት ደግሞ የሒትለር ጀርመን መሆኑ ታሪክ የማይሰለቸው ቀልድ ነው። ሒትለር በኦስትሪያ ጉዳይ ከሙሶሊኒ ጋር ተቃቅሮ ስለነበር ጣሊያን አፍሪካ ውስጥ እንድትጠመድለት ፈለገ፤ ለዚያም 3 ሚሊዮን ማርክ አልጠፋውም።

አሁን ወደ ዋናው ግምት እንግባ። በእንዲህ ያለው ጨዋታ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የራሱን ወገን መሣሪያ ይለውጥና ጠላቱን እንደነበረ ስለሚተወው ነው። ጎዳርድ እ.ኤ.አ. በ1918 ያሳየው ቱቦ ባይረሳ ኖሮ፣ በ1920ዎቹ ውስጥ እያንዳንዱ የአውሮፓ እግረኛ ጦር ታንክ የሚመታ ቱቦ በያዘ ነበር። በዚያን ጊዜ 14 ሚሊ ሜትር ብረት የለበሰ ርካሽ ታንክ መሥራት የሚፈልግ ጄኔራል አይገኝም። ካርደን ሎይድ አይወለድም፤ ሲቪ 33ም አይወለድም። ጣሊያን ወይ ብረቱ የወፈረ፣ ዋጋው የከበደ፣ በቁጥር ያነሰ፣ በትግራይ ገደል ላይ የሚሰምጥ ታንክ ይዛ ትመጣለች፣ ወይም ታንኩን ትታ በአውሮፕላንና በመድፍ ላይ ትበረታለች። ቱቦውንም በመጀመሪያ የሚታጠቁት የእርሷ አስካሪዎች ናቸው፤ የራስ እምሩ ሰዎች አይደሉም። ይህን የምለው ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም፤ ፈጠራ ሲቀድም በመጀመሪያ የሚቀድመው ለባለ ፋብሪካው መሆኑን ለማሳሰብ ነው።

ይሁን እሺ፣ ለጨዋታው ስንል ይህንንም እንለፈው። ጠላት እንደነበረው ይምጣ፤ እኛ ግን በሆነ ተአምር አንድ ሺሕ ባዙቃ በጅቡቲ ባቡር አስገብተን እናከፋፍል። ምን ይለወጣል?

ደምበጓና ላይ የሚለወጥ ነገር የለም፤ ያለ ባዙቃ አሸንፈናልና። የሚያሳስበኝ ከድሉ በኋላ የሆነው ነው። የክሪኒቲ ጦር ከተሰበረ በኋላ የራስ እምሩ ጦር ወደ አክሱም አቅጣጫ ተጠጋ፤ ባዶልዮም መገናኛው እንዳይቆረጥ ሠጋ። ጦርነቱ ከተጀመረ በዚያን ያህል ስፋት ያልታየው ነገር የታየው ያኔ ነው፤ ከታኅሣሥ 12 እና 13 ጀምሮ በተከዜ ሸለቆ ላይ የሰናፍጭ ጋዝ የተሞላ ቦምብ ከአውሮፕላን መጣል ጀመረ። ከደምበጓና እስከ ጋዙ አንድ ሳምንት ብቻ ነው። ታንኩ በእጅ ተሰበረ፤ የመልሱ ምት በእጅ በማይያዝ ነገር መጣ። ታዲያ አንድ ሺሕ ባዙቃ ታንኮቹን በአሥር ቦታ ሰብሮ ቢሆን ኖሮ ባዶልዮ ምን ያደርግ ነበር? ጋዙን በአሥር ቦታ ይጥላል። ጋዙ በመጋዘን ተዘጋጅቶ፣ ፈቃዱም ከሮም በእጁ ነበር።

ማይጨው ላይስ? መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አጥቂዎቹ እኛ ነበርን። የክብር ዘበኛና የራሶቹ ጦር በምሽግ ውስጥ የተቀመጠን ጠላት ሽቅብ ወጥቶ ነው የገጠመው። ያን ቀን የፈጀን መድፍ፣ መትረየስና አውሮፕላን ነው፤ በማፈግፈጉም ወቅት አሸንጌ ሐይቅ ዳር የወረደው ጋዝ። ታንክ በዚያ ውጊያ ዋና ተዋናይ አልነበረም። ባዙቃው አንዳንድ የመትረየስ ምሽግ ያፈርስ ነበር ብዬ እቀበላለሁ፤ ከዚያ በላይ ግን አላይም።

ደቡብ ግን ሌላ ነው። ኦጋዴንና ቦረና ሜዳ ናቸው፤ መኪና እንደልቡ ይሮጥባቸዋል፤ ግራዚያኒም ጦርነቱን ያካሄደው በጎማ ላይ ነው። ኅዳር 1 ቀን 1928 ዓ.ም. ጉኑጋዱ አጠገብ የእኛ ሰዎች ከቁጥቋጦ ውስጥ ሆነው የኮሎኔል ማሌቲን ተሽከርካሪ ጦር ገጥመው ጥቂት ትንንሽ ታንኮችን ከጥቅም ውጪ አድርገዋል። ከዚያ ጥቂት ቀናት አስቀድሞ ጎራሄ ላይ ግራዝማች አፈወርቅ ወልደ ሰማያት በአንድ የኦርሊኮን ፀረ አውሮፕላን መድፍ ላይ ሆነው ሲዋጉ ቆስለው፣ ከቦታዬ አልነቃነቅም ብለው፣ በቁስሉ ሞተዋል። እርሳቸው ሲወድቁ ምሽጉ ተፈታ። በጥር ወር ደግሞ የራስ ደስታ ዳምጠው ጦር በገናሌ ዶሪያ ሲሰበር፣ ግራዚያኒ ብረት ለበስ መኪናዎቹን አስቀድሞ በጥቂት ቀናት ውስጥ ነገሌ ገባ። በእንዲህ ያለው ሜዳ ከቁጥቋጦ የሚተኮስ ባዙቃ ግስጋሴውን ያዘገየዋል፤ በእያንዳንዱ ጫካ አጠገብ ቆሞ እግረኛ እንዲያወርድ ያስገድደዋል። ነገር ግን የራስ ደስታን ጦር ከሁሉ በላይ የጎዳው ውሃ ጥም ነበር። ወንዙንና ጉድጓዶቹን የያዘው የጣሊያን መትረየስ ነው፤ ውሃ ፍለጋ የመጣው ሁሉ እዚያ ወደቀ።

ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ጣርማበር ነው። ሚያዝያ 18 ቀን ባዶልዮ ከ1,500 በላይ ተሽከርካሪዎች አሰልፎ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ተነሣ። መንገዱ አንድ፣ ገደሉ ብዙ፣ ዝናቡ ከባድ። ጣርማበር ላይ መንገዱ ተቆርጦ ስለነበር ያ ሁሉ ሰልፍ ጥገና ሲጠብቅ ቆመ። የደምበጓናን በር በዓይነ ኅሊናው የሚያይ ሰው እዚህ ሲደርስ ትንፋሹ ይያዛል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ በዚያ ሰልፍ ውስጥ የነበረው አብዛኛው ጭነት መኪና ነው። ጭነት መኪና ለማቃጠል ባዙቃ አያስፈልግም፤ ማንኛውም ጠመንጃ ይበቃዋል። የጠፋው በገደሉ ራስ ላይ የሚቀመጠው ሰው ነው። ጦሩ ከማይጨው በኋላ ተበትኗል፤ ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 24 ቀን አገር ለቅቀዋል። በዚያ ተራራ ላይ ሊዋጉ የተላኩት ከስዊድናዊው አሠልጣኛቸው ከሻምበል ቪኪንግ ታም ጋር የዘመቱ ጥቂት የሆለታ ዕጩ መኮንኖች ነበሩ፤ እነርሱም ለዚያ ሁሉ ሰልፍ የሚበቁ አልነበሩም።

ስለ ሆለታ ካነሣሁ አይቀር ሐሳቤን በግልጽ ልናገር። የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1927 ዓ.ም. መጀመሪያ አጋማሽ ነው፤ ትምህርቱም ሳይጠናቀቅ ጦርነቱ ደረሰ። ለእኔ ከባዙቃው ይልቅ የሚያስቆጨኝ ይህ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ዐሥር ዓመት ቀድሞ ቢከፈት ኖሮ። ደምበጓና ላይ አንድ ታላቅ ነገር ተማርን፦ ታንኩ ወደ ጎንና ወደ ኋላ አያይም፣ ጠባብ ቦታ ላይ ይታሰራል፣ እሳት ይፈራል። ይህ ዕውቀት በደም ተገዝቶ የት ደረሰ? ጽፎ ወደ ተምቤን፣ ወደ አምባ አራዶም፣ ወደ ነገሌ የሚያስተላልፈው መኮንን አልነበረም። በዚያው ዓመት መኸር እስፔን ውስጥ የፍራንኮ ወታደሮች ከዚህ ታንክ እጅግ የከበደውን የሶቭየት ቲ 26 በቤንዚን በተሞላ ጠርሙስ ያቃጥሉት ነበር። ጠርሙስና ቤንዚን በ1928 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ገበያ ነበሩ። የጣሊያኑ ታንክ ሰንሰለትና ሞተር ከጠርሙስ የሚያስጥለው ምንም ጋሻ አልነበረውም። እንዴት እንደሚወረወር፣ የት ላይ እንደሚወረወር፣ ማን ሲሸፍን ማን እንደሚሮጥ የሚያስተምረው ግን ትምህርት ቤት ነው እንጂ ጀግንነት ብቻውን አይደለም።

ባዙቃው ታሪክ ይለውጥ ነበር የምልበት አንድ ቦታ አለ፤ እርሱም ጦርነቱ አበቃ ከተባለ በኋላ ነው። ከ1929 እስከ 1933 ዓ.ም. በጎጃም፣ በሸዋና በበጌምድር አርበኞች ገጠሩን ይዘው ነበር፤ ጣሊያን ደግሞ ከተሞቹንና መንገዱን በድንጋይ ምሽግ አጥሮ ተቀመጠ። አርበኛው ምሽጉን ይከብባል፣ ስንቁን ይቆርጣል፣ ያስርባል፤ ሊሰብረው ግን አይችልም፤ መድፍ የለውምና። ከጥቂት ቀናት በኋላ አውሮፕላን ይመጣል፣ ደጀን ጦር ይደርሳል፣ ከበባው ይፈርሳል። የዚህ ዓይነት ውጊያ ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ የአርበኞቹን ማስታወሻ ያነበበ ያውቃል። ፊቱ የተቦረቦረ ፈንጂ ብረት ብቻ ሳይሆን የድንጋይ ግንብም ይበሳል። በበቅሎ የሚጫን፣ አንድ ሰው ከዛፍ ሥር ሆኖ የሚተኩሰው ቱቦ ለአርበኛው የድሃ መድፍ በሆነለት ነበር። በላይ ዘለቀ ወይም አበበ አረጋይ እጅ ላይ ሃምሳ ቱቦ ምን ይሠራ እንደነበር ሳስብ፣ ከማይጨው ይልቅ እዚህ ላይ ግምቴ ይደፍራል። የጥይቱን አቅርቦት ግን ማን ይችለዋል? ሮኬት እንደ ቀለህ በመንደር ባለሙያ እጅ ተሞልቶ እንደገና አይተኮስም።

ተሸካሚ ፀረ ታንክ መሣሪያ በኢትዮጵያዊ እጅ ገብቶ በእውን የተዋጋበት ቀንም አለ። በየካቲት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ ከቡሬ የሚያፈገፍገው ትልቅ የጣሊያን ጦር ደምበጫ አጠገብ ጫራቃ ወንዝ ላይ የጌዴዎን ጦር አካል ከሆነው ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጋር ፊት ለፊት ተጋጠመ። ሻለቃው ጥቂት መቶ ሰው፣ ጠላት በሺሕ የሚቆጠር። በዚያ ውጊያ ላይ አንድ ኢትዮጵያዊ ወታደር ቦይስ በሚባለው የእንግሊዝ ፀረ ታንክ ጠመንጃ በቅርብ ርቀት የጣሊያን ብረት ለበስ መኪና መትቶ አቁሟል። ልብ ወለድ የማይመስል፣ የምንመኘው ነገር ሁሉ በአንድ ሰው እጅ የተፈጸመበት ቅጽበት ነው። ውጊያው ግን በሌላ መንገድ አለቀ፤ የጣሊያን ጦር በብዛቱ ሻለቃውን ጥሶ፣ ብዙ ሰው ገድሎና አቁስሎ፣ ወደ ደብረ ማርቆስ መንገዱን ቀጠለ።

እስካሁን ስናወራ የነበረው ሁሉ «እኛ» ከተራራው፣ «እነርሱ» ከታንኩ ውስጥ ሆነው ነው። ባዙቃ ዘር አፍርቶ፣ ሶቭየቶች እ.ኤ.አ. በ1961 አርፒጂ 7 የተባለውን ከታጠቁ በኋላ፣ በእኛ አገር ወንበሩ ተዟዟረ። በ1970ዎቹ የኢትዮጵያ መንግሥት ጦር በአፍሪካ ካሉት ታላላቅ የታንክ ጦሮች አንዱን ይዞ ነበር፤ በተራራው ላይ አርፒጂውን ተሸክሞ የተቀመጠው ሌላ ሰው ነው። በመጋቢት 1980 ዓ.ም. የናደው ዕዝ ተሽከርካሪ ጦር ወደ አፍዓበት ሲመለስ ዓዲ ሽሩም በሚባለው ጠባብ መተላለፊያ ላይ ፊት የነበሩት ተመትተው መንገዱን ዘጉ። ወደ 70 የሚጠጋ ተሽከርካሪ፣ ታንክና ከባድ መሣሪያ ጭምር፣ ወደ ፊትም ወደ ኋላም መሄድ ተስኖት ቆመ። ያ ሁሉ መሣሪያ በሻዕቢያ እጅ እንዳይገባ ተብሎ የኢትዮጵያ አየር ኃይል አውሮፕላኖች ታዘዙና የራሳቸውን ሰልፍ ከሰማይ ደበደቡት።